ቅጠል የተነፈገው ጅረት

በሰፈራችን ንጽሕና ማለት ከጅረቱ ቅጠል ማውጣት ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ይወርድና ከውሃው ወለል የወደቀ ቅጠል ጠርጎ ያቃጥላል። የላስቲክ ከረጢቱ ግን «ጎርፍ ይወስደዋል» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የዘመቻው መሪ አጎቴ ናቸው። ሙያቸው ልብስ ስፌት፣ ፍቅራቸው ዓሣ ማጥመድ ነው። ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ ግን መንጠቋቸው ባዶውን ይመለሳል፤ እሳቸውም «ሳሙናቸው ዓሣውን ፈጀው» እያሉ በጅረቱ ልብስ የሚያጥቡትን ይረግማሉ። ይባስ ብለው «የቅጠሉ ችግር ከምንጩ ይድረቅ» በማለት በጅረቱ ዳር ያሉት ዛፎች በሙሉ እንዲቆረጡ የሰፈሩን ኮሚቴ አሳመኑ።

በመቁረጫው ዕለት ማለዳ አጎቴ ዘመቻው ከማይደርስበት ከድልድዩ በላይ ወጥተው አንድ ዓሣ ይዘው መጡ። አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ዓሣውን ሊያጸዱ ቢላዋ አነሡ። እኔም ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ለመንኳቸው።

«አጎቴ፣ ዛፎቹን አያስቆርጡ። በጅረቱ ወለል የሚኖሩት ነፍሳት ቀለባቸው ቅጠሉ ነው።»

«ደግሞ ጀመረች! ፕሮፌሰሯ፣ ለትል ቀለብ እንቁረጥለት ነው የምትዪው?»

«ትሉን ማን እንደሚበላው ያውቃሉ?»

«እኔስ አልበላም!»

አክስቴ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ግን ከመናደዴ የተነሣ አክስቴ ያወጡትን የዓሣውን ሆድዕቃ ተቀብዬ ነጭ ሳህን ላይ ሰነጠቅሁት። በጥቃቅን ነፍሳት ተሞልቷል። አንዱ የቅጠል ቁርጥራጮችን ገጣጥሞ እንደ ካፖርት ለብሷል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ።

«ይሄን ማን ሰፋው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ራሱ። ቅጠሉን ይለብሰዋል፤ ሲበሰብስም ይበላዋል። ሌሎቹ ድንጋይ ላይ የበቀለውን ስስ አረንጓዴ ልባስ ይፍቃሉ፤ የቀሩት ደግሞ ከእነዚህ የተረፈውን ብናኝ ይለቅማሉ። ዓሣው እነሱን ይበላል። እኛ በየሳምንቱ የምናቃጥለው የእርስዎን ዓሣ ምግብ ነው!»

ከታች፣ ከጅረቱ በኩል የመጋዝ ድምፅ ተሰማ።

«ጀመሩ እንዴ?» ብለው በነጠላ ጫማቸው ሮጡ።

ስንደርስ አብዛኞቹ ዛፎች ወድቀዋል። አጎቴ ከቀሩት ፊት ለፊት ቆሙ።

«ጋሼ፣ ያዘዙን ራስዎ አይደሉ እንዴ?» አለ መጋዝ የያዘው ጎልማሳ ግራ ገብቶት።

«እኔው ነኝ። ተሳስቻለሁ፤ አቁም!»

«ለዓሣቸው ሲሉ ነው!» ብሎ አንዱ አሾፈ።

«አዎ፣ ለዓሣዬ ነው! ምን ታመጣለህ?»

ወገኖቼ፣ ለዓይን የማያምር ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። አንድን ነገር ከማስወገዳችን በፊት ማን በእሱ እንደሚኖር መጠየቅ ይህን ያህል ከባድ ነውን? አጎቴ ጥያቄውን የጠየቁት ዘግይተው ነው። የቀሩት ዛፎች ተርፈዋል፤ የወደቁት ግን አጎቴ በሕይወት ሳሉ ዳግም አድገው ቅጠላቸውን ለውሃው አይመልሱም።