የማይጠቁር ደም

ሃምሳ አለቃው ለፊልም ቀረጻ በተቆፈረው ምሽግ ውስጥ፣ ጉሮሯቸውን ተመትተው በጀርባቸው ወድቀው ተገኙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ተዋንያንን የወታደር ወግ ማስተማር ነበር። አጠገባቸው የተጣለው ጠመንጃ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ጥይት መጉረስ ነበረበት፤ የጎረሰው ግን እውነተኛውን ነበር።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ መሣሪያ ጠባቂው በካቴና ታስሮ ቆሟል። ይህ ሰው ጠመንጃ ሲያስረክብ ከፍቶ ባዶነቱን ሳያሳይ ከእጁ አይለቅም። ጠዋትም አሳይቶ ለዳይሬክተሩ እንደሰጠ ምሎ ተገዘተ፤ ዳይሬክተሩ ግን ዓይኔን ግንባር ያድርገው አለ። በእንዲህ ያለ ሙግት የሚታሰረው መቼም አቅም የሌለው ነው።

«ሚስቴ የመውለጃዋ ወር ነው» አላት መሣሪያ ጠባቂው ቀስ ብሎ።

ዋናው ተዋናይ ተኩሱ ሲሰማ ከሜካፕ ባለሙያዋ ፊት ተቀምጦ ስለነበር ከጥርጣሬ ወጣ። ፊልሙ የዳይሬክተሩን አባት የሚያወድስ እንደሆነ፣ ሃምሳ አለቃውም የአባትየው የጦር ሜዳ ጓድ እንደነበሩ የነገራት እሱ ነው። ዳይሬክተሩና ሃምሳ አለቃው ትናንት እሱ ፊት ተጣልተዋል።

«‹አባትህ እንደ ፊልምህ ሲሞት ንግግር አላደረገም፤ እናቱን እየጠራ ነው የሞተው። እውነቱን ካልሠራህ ለጋዜጣ እናገራለሁ› አሉት።»

ዳይሬክተሩ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ነጭ ሸሚዙ ደረቱ ላይ በደም ቀልቷል።

«ተኩስ ሰምቼ ሮጥኩ። ደረቴ ላይ አስደገፍኳቸው። ‹ያጎረሰው መሣሪያ ጠባቂው ነው፤ አንተ ግን ፊልሙን ጨርሰው› ብለው እቅፌ ውስጥ አረፉ።»

መርማሪዋ ሸሚዙን እንዳይቀይር ብቻ አዘዘችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምሽጉ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሰማዩ ከብዷል፤ ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም።

«ሐኪሙ ጉሮሯቸው ተበጥሷል ይላል» አለች ለዳይሬክተሩ። «እንዲህ የተመታ ሰው አንዲት ቃል አይወጣውም። ጀግናን ሳያናግር የማይገድለው ሆሊዉድ ነው፤ ኑዛዜው የእርስዎ ድርሰት ነው።»

«ደንግጬ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሁን። ሸሚዙስ? ምሽጉ ውስጥ የፈሰሰው ደም ደርቆ ጠቁሯል። የእርስዎ ግን አሁንም ቀይ ነው።»

የሜካፕ ባለሙያዋ ሸሚዙን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ለካሜራ የምታዘጋጀው ቀለም መሆኑን አረጋገጠች።

«ስለዚህ አላቀፏቸውም» አለች መርማሪዋ። «ያልሆነውን ሁሉ የፈጠሩት በመሣሪያ ጠባቂው ለማላከክ ነው። ጠመንጃውን ባዶ የተረከቡትም፣ ያጎረሱትም እርስዎ ነዎት። እሳቸው ሲሞቱ እርስዎ የት ነበሩ?»

ዳይሬክተሩ ሸሚዙ ላይ ያለውን ቀለም በእጁ ሸፈነ።

«አባቴን ሕዝብ ፊት እንደ ሕፃን ሊያስለቅሱት ነበር። ተኩሼ... ዞሬ ሄድኩ። ማየት አቃተኝ።»

«ትናንት ሳታስጨርሳቸው ነው የወጣኸው» አለ ተዋናዩ። «አባትህ እናቱን ሲጠራ፣ እሳቸው ተኩስ እየዘነበ እጁን ይዘው እስኪያርፍ አልተለዩትም። እንድትቀርጸው የፈለጉት ይህን ነው።»

ካቴናው ከመሣሪያ ጠባቂው እጅ ተፈታ። ወደ ቤቱ ሊደውል እየሮጠ ሄደ።

«እጁን ይዘው?» ሲል ጠየቀ ዳይሬክተሩ።

መርማሪዋ የተፈታውን ካቴና በእሱ እጅ ላይ አጠለቀች።