ከነላስቲኩ

«አትቅደጂው!»

ያምሮት ምላጩን ከችግኙ ላስቲክ ላይ ሳታነሳ ቀና አለች። መምህር ስመኘው ሌላ ችግኝ እንዳቀፉ ከጉድጓዱ ማዶ ቆመዋል። ለዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ የሚያስተምሩት፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አምና ክረምት ላስቲኩን በምላጭ መሰንጠቅን፣ አፈሩ እንዳይፈርስ በመዳፍ ደግፎ ማውጣትን ያሳዩዋትም እሳቸው ነበሩ።

«ካልተቀደደ ሥሩ በየት ይወጣል ቲቸር?»

«እንዳለ ቅበሪው። ከነላስቲኩ። ጠርዙ እንዳይታይ ብቻ አፈር አልብሺው።»

«እርስዎ እኮ ነዎት ላስቲክ ውስጥ የቀረ ሥር ይታነቃል ያሉን።»

መምህሩ ወደ መናፈሻው ጫፍ ዞር ብለው አዩ። እዚያ የከተማዋ የመናፈሻና የውበት ኃላፊ አቶ ገነነ ሲባጎ እየወጠሩ ነው።

«ማክሰኞ ይመለሳሉ» አሏት መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰኞ ለሚመጡት ዳኞች ነው። ችግኞቹ የውሰት ናቸው።»

ሾላ በር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መናፈሻዋ አንድ ዥዋዥዌ፣ ጥቂት የድንጋይ መቀመጫዎችና አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ አላት። ሜዳው ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሴቶች ቡድን ይለማመዳል። መረብ ግን የለም፤ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ገመድ ታስሮ፣ ኳሱ ከላይ ይለፍ ከታች እንዲለይ ቡትቶ ተንጠልጥሎበታል። በዚያ ዓመት ሚሊኒየሙን ምክንያት በማድረግ ከተሞች በመናፈሻቸው እንዲወዳደሩ ተባለ። የዥዋዥዌው ብረት በአንድ ቀን ቢጫ ቀለም ተቀባ። የተበጠሰው ሰንሰለቱ ግን አልተቀጠለም።

ያምሮት ላስቲኩን እንዳለ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠችው። አፈር ስትመልስበት ከጣቷ ሥር ተንሿሿ።

አቶ ገነነ ሲባጎውን እየተከተሉ መጥተው ከአንዲት እስከ ወገብ የምትደርስ ዋንዛ ፊት ቆሙ። ዋንዛዋ ጫፏ አንዴ ተቀርጥፎ ከጎን ያቆጠቆጠች፣ ግንዷ ትንሽ የጎበጠ፣ ቅጠሏ ግን ሰፋፊ የሆነ ናት።

«ይቺ ምንድን ናት? ከመስመር ወጥታለች።»

«የእኔ ናት» አለች ያምሮት ብድግ ብላ። «አምና የተከልናቸው ሌሎቹ ደረቁ፤ እሷ ናት የቀረችው። አይንቀሏት ጋሼ። እሷ እንኳ የውሰት አይደለችም።»

«ስሚ ልጄ» አሉ አቶ ገነነ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ደክሟቸዋል። «ይህን ቦታ ለሱቅ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው። ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር የምከራከርላችሁ እኔ ብቻ ነኝ። ሽልማቱ ከመጣ ማንም አይነካውም። ለእናንተም መረብና ኳስ አስገዛለሁ፤ ቃሌ ነው። ዳኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው መስመር ነው።»

«ትነቀላለች በሏቸው ቲቸር» አለች እንቁ ከኋላ። እንቁ ያምሮትም የምትጫወትበት የመረብ ኳስ ቡድን አምበልና የልብ ጓደኛዋ ናት።

ያምሮት ወደ መምህሯ ዞረች። መምህር ስመኘው ያቀፉትን ችግኝ ቅጠል በእጃቸው እየጠረጉ ነበር።

«አንቺ ካልቻልሽ እኔ ላውጣት» አለች እንቁ ዶማውን እያነሳች። «አንቺዬ፣ አታካብጂ። ሌላ ትተክያለሽ። መረብ እኮ ነው፣ እውነተኛ መረብ!»

ዶማው መሬቱን ሲመታ ያምሮት አላየችም፤ ሰማችው። ከዚያ እንቁ ዋንዛዋን በግንዷ ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወረወረቻት።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ በየችግኙ አጠገብ ቆሙ። በእያንዳንዱ ሥር ስም የተጻፈበት ቁራጭ ጣውላ ተተክሏል። የያምሮት ዋንዛ ከነበረችበት አንድ እርምጃ ፈንጠር ብሎ፣ ቀጥ ባለው መስመር ላይ፣ አንድ ለምለም ግራቪሊያ «ያምሮት» የሚል ስም ይዞ ቆሟል።

ዳኞቹ ከመኪና ሲወርዱ እንቁ ወረቀቷን ዘርግታ አነበበች። «እኛ የሾላ በር ወጣቶች እነዚህን ዛፎች በገዛ እጃችን ተክለን፣ በጋውን ሙሉ ከወንዝ ውኃ በጀሪካን እያመላለስን…» ያምሮት አዳመጠች። የተተከለውም፣ የተመላለሰው ውኃም እውነት ነበር። የተወራለት ዛፍ ግን እዚያ አልነበረም።

ከዳኞቹ መካከል ባርኔጣ ያደረጉ ሸምገል ያሉ ሰው ከእሷ ፊት ቆሙ።

«ያንቺ ነው?»

ያምሮት ከትከሻቸው በላይ እንቁን አየቻት። እንቁ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች።

«አዎ» አለች።

«መቼ ተከልሽው?»

«አምና ሐምሌ።»

«በጋውን እንዴት አለፈ?»

«ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አጠጣ ነበር። ውኃው ሥሩ ዘንድ እንዲቆይ ዙሪያውን አፈሩን በክብ እንደ ገበታ ጠርዝ ከፍ አደረግሁለት።»

«ፍየል አላስቸገረሽም?»

«አንዴ ጫፉን በልታብኝ ነበር። የደረቀ መስሎኝ አልቅሻለሁ። በኋላ ከጎን አቆጠቆጠ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የምታወራው ስለ ዋንዛዋ ነው። ሰውየው ግን ጎንበስ ብለው የግራቪሊያውን ግንድ አዩት፤ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ያልተነካ ነው። በአውራ ጣታቸው ከሥሩ ያለውን አፈር ገለጥ አደረጉት። ጥቁር የላስቲክ ጠርዝ ብቅ አለ።

አሁን ይጠይቁኛል አለች ያምሮት በልቧ። ቢጠይቋት እንደምትናገርም አወቀች፤ እንዲያውም ቢጠይቋት ፈለገች።

ሰውየው ቀና ብለው አዩዋት። ተነሡ። በጫማቸው ጫፍ አፈሩን ወደ ላስቲኩ ገፋ አድርገው መልሰው አለበሱት፤ ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

«ጎበዝ» አሉ። «ውኃ እንዳታጓድይበት።»

ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጽፈው ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እንቁ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አንቺ! እኔ ወረቀት ይዤ ስንቀጠቀጥ አንቺ በቃልሽ! የፍየሏን ነገር ከየት አመጣሽው? ፎጋሪ!»

«አይተውታል።»

«ምኑን?»

«ላስቲኩን። አይተው በጫማቸው አለበሱት።»

እንቁ አንገቷን ለቀቀች። ፊቷ በራ። «እሰይ! ካዩትና ካለፉት ታዲያ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

ማክሰኞ አይሱዙ መኪና መጣና ተማሪዎቹ ችግኞቹን እንዲያወጡ ታዘዙ። ብዙ አልከበዳቸውም። መሬቱን የያዘ ሥር ስላልነበረ እያንዳንዱ ከመደርደሪያ እንደሚነሳ ጣሳ ወጣ።

«ወደ ችግኝ ጣቢያው ነው የሚመለሱት?» አለች ያምሮት ሾፌሩን።

«የምን ችግኝ ጣቢያ! ወደሚቀጥለው ከተማ ነው እንጂ። እዚያ ዳኞቹ ሐሙስ ናቸው።»

የመናፈሻው ጥበቃ ጋሼ ቢሆነኝ በሩን እየከፈቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እነዚህስ ከእኔ ይልቅ አገር አዩ!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ያምሮትም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ባለ ባርኔጣው ሰው ሐሙስ ያንኑ ግራቪሊያ ሲያገኙት ታያት። ከሥሩ ሌላ ስም ይኖራል። ሌላ ልጅ ትጠየቃለች።

ሾላ በር አሸነፈች። አቶ ገነነ ቃላቸውን ጠበቁ፤ በሳምንቱ ነጭ መረብና ገና ላስቲክ ላስቲክ የሚሸት ኳስ ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። ልጃገረዶቹ የሜዳውን ጉድጓዶች በአካፋ ሞልተው፣ ረግጠው አስተካከሉ፤ ከሁሉ በላይ የሠራችው እንቁ ናት። ገመዱና ቡትቶው ወርዶ መረቡ ተወጠረ። ያምሮት ሰርቭ ስታደርግ ኳሱ እንደ አሮጌው ኳስ ወዲያ ወዲህ ሳይወላገድ ቀጥ ብሎ ሄደ። ኳሱ ጥሩ ነበር። ያናደዳትም ይኸው ነበር።

ከልምምዱ በኋላ አቶ ገነነ ጠሯት።

«ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ሽልማቱን እንቀበላለን። ስለ ወጣቶቹ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ያን የፍየሏን ነገር እንዳትረሺ፤ ዳኛው በጣም ወዶታል።»

እሳቸው ዝምታዋን እሺ ነው ብለው ወስደው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ያጠበችላትን የደንብ ልብስ ለብሳ፣ መኪናው ሳይመጣ ቀድማ መናፈሻው ደረሰች። ጋሼ ቢሆነኝ ከጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቀጥ ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ዋንዛዋ እንቁ የወረወረቻት ቦታ የለችም።

«ከጎጆው ኋላ እይ» አሏት ጋሼ ቢሆነኝ።

ሥሯ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ በአፈር ተሸፍኖ ነበር። ቅጠሏ ሁሉ ረግፏል።

«እግዜር ይስጥዎ ጋሼ።»

«እኔ ምን አደረግሁና። መምህርሽ ናቸው፤ በተነቀለችበት ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ተመልሰው መጡ። ጆንያውን እንዳረጥበው አደራ አሉኝ። ለልጅቱ አይንገሩ ብለውኝም ነበር።»

ያምሮት ተንበረከከች። መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዳስተማሯቸው ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀችው። ከጫፉ ቡናማ ነው፤ ደረቅ። ከመሀሉም ቡናማ ነው። ወደ ታች ወርዳ ከሥሩ አንገት በላይ፣ ጆንያው በነካው በኩል ፋቀች። አንድ ቀጭን መስመር አረንጓዴ ይመስላል። ከፀሐዩ ሊሆን ይችላል ብላ በመዳፏ ጥላ ጋርዳ ደግማ አየችው። እርግጠኛ መሆን አልቻለችም።

ዋንዛዋን ይዛ ወደ ድሮ ቦታዋ ሄደች። አካፋው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል። «ያምሮት» የሚለው ቁራጭ ጣውላ ግን አሁንም እዚያው ቆሟል። ነቀለችውና በእሱ መቆፈር ጀመረች። የስሟ ቀይ ቀለም በአፈሩ ተፋቀ። የቀሚሷ ጉልበት በአፈር ቆሸሸ።

ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ሥሩን አፈር እያለበሰች ነበር። እንቁ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«ያምሮት! ነይ እንጂ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!»

ያምሮት አልተነሣችም። እንቁ ወርዳ እየሮጠች መጣች፤ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል። መሬት ላይ የቆመውን ባዶ እንጨት፣ ከዚያ የጓደኛዋን ጉልበት አየች።

«በሞቴ! ምን ሆነሻል? እንዲህ ሆነሽ ነው አዳራሽ የምትገቢው?»

«አልሄድም። አንቺ ተናገሪ።»

«እኔ የፍየሏን ነገር መች አውቀዋለሁ!»

«ታዲያ እሷን አትናገሪያት።»

እንቁ ወደ መኪናው ዞር ብላ አየች። አቶ ገነነ ከፊት ወንበር ወርደው ሰዓታቸውን እያሳዩ ነው።

«ከቡድኑ ያስወጡሻል፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ለዚች ብለሽ?» አለች እንቁ። ድምፅዋ ተሰበረ። «ሞታለች እኮ! የሞተ እንጨት ነው የምታጠጪው። ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን ለሁላችን ብዬ ነው። አንቺም ተጫወትሽበት፣ በኳሱ።»

«ተጫወትሁበት» አለች ያምሮት።

ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ። እንቁ ዞራ ሄደች፤ ይህን ጊዜ ግን አልሮጠችም። የሚኒባሱ በር ተዘጋ። ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ታጥፎ፣ ድምፁ ከጋሪዎቹ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ።

ጋሼ ቢሆነኝ ጀሪካኑን ይዘው መጥተው አጠገቧ አስቀመጡላት። ወደ በራቸውም ተመለሱ።

ያምሮት ውኃውን አፈሰሰችው። አልሰረገም። ከጠባቧ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው መሬት በእንግዶቹና በተጫዋቾቹ ጫማ ተረግጦ ጠጥሯል፤ ውኃው ከላይ ተንሳፍፎ ወደ ሜዳው ሸሸ። ጀሪካኑን አቆመችው። በጣቶቿ አፈሩን ጫረች፣ አላላችው፤ በዋንዛዋ ዙሪያ በክብ እንደ ገበታ ጠርዝ ከፍ አደረገችላት። ከዚያ በቀስታ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረገች እንደገና ማፍሰስ ጀመረች።