የለቃሚው ድምፅ

ጠሽ የሚል ድምፅ። ከዚያ ሌላ ጠሽ። ከዚያ ብዙ፣ እንደሚቆላ ሽምብራ።

ደልነሳሁ ዓይኑን ሳይገልጥ አዳመጠ። ድምፁ የሚመጣው ከራሱ ፊት ነው። አልገረመውም፤ እዚህ የሕሙማን ክፍል የተኛ ሁሉ በዚህ ድምፅ ነው የሚነቃው። ለቃሚ ይሉታል፤ ከብናኝ ያነሱ ማሽኖች የተቀመሙበት የካንሰር ቅባት ነው። ማሽኖቹ ወደ ካንሰር ያዘነበለ ሕዋስ ባገኙ ቁጥር ይሰባብሩታል፤ ጠሽ የሚለው እሱ ነው። በጠፈር ጣቢያው ላይ፣ ለምድር ብርሃን የሚልኩትን መስታወቶች ሲወለውል የኖረ ሰው፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ የተወችበትን እንዲህ ያስለቅማል።

ያስፈራው ሌላ ነው። ትናንት ግንባሩና ጉንጩ ላይ ብቻ ነበር። ዛሬ የግራ ዓይኑ ቆብ ላይ ይንጣጣል። በሽታው እዚያ ደርሶ ይሆን? ዓይኑ የጠፋ ወልዋይ ምን ይሠራል?

«እንዴት አደሩ?» አለ ግድግዳው። ሐኪሙ ግድግዳው ውስጥ የተገጠመ ማሽን ነው፤ በየማለዳው ይጠይቅና በመልሱ ልክ ቅባቱን ይመጥናል።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ያቃጥላል?»

«ኧረ ምንም አይል።»

ከግድግዳው ቀጭን ክንድ ወጥቶ ቅባቱን ደረበለት፤ ከትናንቱ ወፈር አድርጎ። የደልነሳሁ ቆዳ ከልጅነቱ ስስ ነው፣ የሱፍ ኮሌታ እንኳ ያቆስለዋል። አንሶላውን ነከሰ። በጠዋቱ ማን ስለ ሕመሙ ያወራል?

አስታማሚዋ ምንታምር አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዛ ገባች። ስታየው ቆም አለች።

«ጋሼ፣ የተላጠ ቲማቲም መስለሃል እኮ። ግድግዳውን ምን ስትለው ከረምክ?»

«ደህና ነኝ ነዋ።»

«እሱ ይሉኝታ መች ተማረ? ቅባቱ ሲሠራ ማቃጠል አለበት። አላቃጠለኝም ስትለው፣ አልሠራም ብሎ ይጨምራል።»

«ዓይኔስ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የታመመው ሕዋስ አልቆበታል። አሁን የሚለቅመው ጤነኛውን ነው።»

«ንገሪልኛ!»

«የእኔን ድምፅ አይቀበልም። ገላው ያንተ ነው።»

አፉን ከፈተ። የመጣለት ያው «ደህና» ብቻ ነበር። አባቱም እዚሁ ጣቢያ መስታወት ወድቆበት፣ ለጠየቀው ሁሉ ደህና ነኝ እያለ ነው ያለፈው።

ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ። የዓይኑ ቆብ እየሳሳ ሄደ። ዓይኑን እንደጨፈነ፣ የመብራቱ ብርሃን ቀስ እያለ ይገባበት ጀመር።

«ያቃጥለኛል» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ዓይኔን ፈርቻለሁ። ደህና አይደለሁም።»

ክንዱ ወዲያው ቅባቱን ጠራረገው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ግድግዳው።

ምንታምር በእርጥብ ጨርቅ የደልነሳሁን ፊት ታብስለት ጀመር። ጠሽታው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። የግራ ዓይኑን በፍርሃት ገለጠ። የምንታምር ፊት፣ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን፣ ታየው። ዕንባው የተቃጠለውን ቆዳ እያቃጠለ ወረደ።

ያን ጊዜ ነው በጸጥታው ውስጥ የሰማው። እንደሚቆላ ሽምብራ፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ ከእሱ ፊት ያልሆነ። ጎንበስ ካለችው ከምንታምር ሻርፕ ሥር ይመጣል።

«አንቺስ ምንታምር?» አላት። «እንዴት ነሽ?»

«እኔማ ደህና፣ ይመስገን።»

ሻርፗን ወደ አገጭዋ ሳብ አደረገች፤ ሳህኗን አንስታ ወጣች።