የደበዘዘው ሰማያዊ

ኬሚስቱ በማቀዝቀዣው ክፍል ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ሐኪሙ ዳሰሰውና፣ «በዚህ ብርድ ገላው ገና ሙቅ ነው። ከሞተ አንድ ሰዓት አይሞላውም» አለ።

መርማሪዋ ዓይኗን ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት የቀለም ባልዲዎች አልነቀለችም። ፋብሪካው ውኃ ውስጥ ከሚበቅል አልጌ ለከረሜላና ለመዋቢያ የሚሆን ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። ባልዲዎቹ ውስጥ ያለው ግን የዕቃ እጣቢ ይመስላል።

የፋብሪካው ጌታ ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። የሟች ሚስት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ «የሰማያዊው አባት» የሚለውን ስም ያወጡትም ለራሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ ከገዢዎች ጋር ነበርኩ። ለአፍታ ብቻ ነው ወጣ ያልኩት።»

«ቀለሙን ምን ነካው?»

«አንዳንዴ በራሱ ይገረጣል። የፈጠርኩት እኔ፣ ጠባዩን ለኔ ተዪው!»

መርማሪዋ ጉረኛ ጠግባለች፤ እንዲህ ሬሳ ፊት የሚጎርር ግን አልገጠማትም። ወደ ሟች ሚስት ሄደች።

«ቀለሙ ምን አይወድም?»

«ሙቀት» አለች ሴትዮዋ እያለቀሰች። «በሩን ከፍቶ የሚቆም ሰው ካየ ባለቤቴ አይምርም ነበር።»

የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋም ለብቻዋ ተጠይቃ ይህንኑ ደገመች። ሁለቱም ቀኑን ያሳለፉት ብቻቸውን ነው፤ ምስክር የላቸውም።

መርማሪዋ ሁሉንም ጌታው ቢሮ ሰበሰበች።

«ሟች የተመታው ማለዳ ነው፤ ገዢዎቹ ሳይመጡ። ገዳዩ ገላው እንዳይቀዘቅዝ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ክፍሉን አሞቀ። ኋላ ለአፍታ ወጣ ብሎ ማቀዝቀዣውን መልሶ አበራ። ሐኪሙ ተታለለ፤ ቀለሙ ግን ሞቆ ደበዘዘ።»

«ታዲያ ከነዚህ ከሁለቱ አንዷ ናታ!» አሉ ጌታው።

«ምስክር ለሌለው ሰው ሰዓት ማሳሳት ምን ይረባዋል? የጠቀመው እርስዎን ብቻ ነው። ደግሞ እነሱ ሙቀት ቀለሙን እንደሚያበላሽ ያውቃሉ። ያላወቁት አባትየው ብቻ! የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ጌታዬ።»

ጌታው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱ። «ገዢዎቹ ፊት ፈጣሪው እኔ ነኝ ሊል ነበር! ያበላሁት፣ ያለበስኩት ሰውዬ!»

ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ፣ እርስዎ» ስትላቸው የኖረችው እህታቸው እንባዋን ጠረገች። ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ ሌባ» አለችው።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቢሮ አንቱ ያለው የለም። ፖሊሶቹም «ተነሥ!» ብለው ነው የወሰዱት።