ታች እጠብቅሻለሁ

መጀመሪያ ያየሁት ጭንቅላቱን ብቻ ነው። ሌላው ገላው ውሃ ውስጥ ነበር።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ወሩ ነሐሴ ነው። እኔና አክስቴ ውዴ ከሁመራ በኩል ተሰደን ወድ ኤል ሒለው አጠገብ ደርሰናል። ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት የእኛው ተከዜ ደፍርሶ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይጓዛል። ዋናተኞች ሰዉን በተነፋ አቁማዳ ላይ እያስተኙ ያሻግራሉ። አክስቴ ቀድማኝ ተሻገረች። ተራዬ ደርሶ አቁማዳውን አቅፌ ገባሁ፤ መሃል ላይ ስደርስ አመለጠኝ።

«አትታገይው!» አለ ጭንቅላቱ። «ተይው ይውሰድሽ... ታች እጠብቅሻለሁ!»

የሚሰምጥ ሰው «ይውሰድሽ» ይባላል? አፌ በውሃ ባይሞላ ኖሮ የማልሰድበው ስድብ አልነበረም። ግን አቅም አልነበረኝምና እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ወሰደኝ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ወደ ዳር ሲገፋኝ አንድ እጅ ክንዴን ያዘ።

«ይኸው፣ አልሞትሽም» አለኝ እየሳቀ።

«ስምህ ማነው?»

«ጋረደው።»

«ጋረደው፣ አንተ ሰው አታሻግርም፤ ሰው ታስወስዳለህ።»

ከት ብሎ ሳቀ። ልነሳ ስል ግን ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝ። «ቁጭ በይ። አክስትሽ ዳር ዳሩን እየወረዱ ነው። ውሃ የወሰደው ሰው ኸወጣበት አይነቃነቅም፤ ፈላጊው ይመጣለታል። ሁለቱም ኸተንቀሳቀሱ ይተላለፋሉ። ያባቶቻችን ሕግ ነው።»

እውነትም አክስቴ እያለቀሰች መጣች። እኔ ግን ያን ቀን ከወጣሁበት ቦታ ልቤ ሳይነሳ ቀረ።

ሰሊጥ ሲደርስ እሱም ገዳሪፍ መጣ። እኛ ከተማው ዳር የሳር ጎጆ ተጠግተን፣ አክስቴ ኪስራ የሚሉትን የሱዳን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች፣ እኔ ለሰሊጥ አጨዳ እወጣ ነበር። ከአጠገቤ ያለውን ትልም ይይዝና የእኔንም ግማሽ ያጭድልኛል። ሰዉ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኛ ብቻ ነን የማናውቅ የምንመስለው።

በሁለተኛው ዓመት አክስቴ ፊቷን አጥቁራ ገባች።

«ሣህሊቱ፣ ያ ልጅ ጅዳ ሊሻገር ነው አሉ። ፖርት ሱዳን ጀልባ ሲያፈላልግ ታይቷል።»

ስንቱ ጎረምሳ በዚያ በኩል ተሻግሮ ቀርቷል። የሰጠኝን ሻርፕ አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ በሰው ላክሁለት። ሲመጣ ጀርባዬን ሰጠሁት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ጅዳ መልካም መንገድ ይሁንልህ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዛጎል የሚያወጡ ጀልባዎች አሉ። አዝራር የሚሠሩበትን ዛጎል። አንድ ወቅት ጠልቄ ብመለስ የራሳችን ቤት ይኖረናል ብዬ ነው። እርግጥ እስኪሆን አልነገርሁሽም... እንዳታለቅሽ ፈርቼ።»

«አላለቅስም። አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ሴት አይጭኑም።»

«ምግባቸውን ማን ይሠራላቸዋል?»

አየኝ። ሻርፑን ከኪሱ አውጥቶ አንገቴ ላይ ጣል አደረገው።

አክስቴ እያጉረመረመች መረቀችን፤ ቄስ ጸሎት አደረጉልን፤ ሠርጋችን ይኸው ነው። ጓዛችንን በጀርባችን አዝለን በጭነት መኪና ላይ ወጣን። በከሰላ አድርገን፣ አቧራ ጠግበን፣ ሳቃችን ሳያልቅ ባሕሩ ዘንድ ደረስን።

ሙዘይን የሚባሉ ሽማግሌ ናኹዳ፣ የጀልባው አለቃ ማለት ነው፣ እንጀራዬን ሳይሆን ምላሴን ወደውት ተቀበሉን። ወንዝ የሚያውቅ ሰው ባሕር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ጋረደውም ጠየቀ።

«ናኹዳ፣ ይኼ ወዴት ነው የሚፈሰው?»

ጀልባተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሙዘይን ግን አልሳቁም። «አይፈስም ልጄ። ነፋስ ወደ ወደደው ይገፋዋል። ላይም ታችም የለው» አሉት።

ሸራው ሲነፋ፣ ከአንዱ ደሴት ወደ አንዱ ስንዞር የከረምንበት ያ ወቅት... በሕይወቴ ደስታ ማለት እሱ ነው፤ ሌላ አላውቅም። ደሴቶቹ ነጭ አሸዋና ቁጥቋጦ ብቻ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያበቃ ጋረደው የቀሚሴን ጫፍ በገመድ ያስርልኝና ጥልቀት በሌለው ቦታ ይዞኝ ይጠልቃል። ከታች ዓሣው ለሠርግ የለበሰ ይመስላል፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ዝንጉርጉር። እጅ ለእጅ ተያይዘን እናያለን። ውሃ ውስጥ መነጋገር አይቻልምና መጨቃጨቅም የለም። ወጥተን አየር ስንስብ ግን እጀምረዋለሁ።

«ጋረደው፣ ቤታችን በሩ ወዴት ይዞር?»

«አንቺ ወደምትመጭበት።»

«ቤት ውስጥ አይደለሁም እንዴ? ኸየት ነው የምመጣው?»

«ኸየትም ነይ። ብቻ ነይ።»

አንድ ጠዋት ጠላቂዎቹ ከትልቁ ጀልባ ርቀው በታንኳ እየጠለቁ ነበር። እኔ ትልቁ ጀልባ ላይ ሩዝ እየለቀምሁ አያለሁ። ጋረደው ከጥልቁ ብቅ ሲል ውሃው ይዞታል፤ ከታንኳው እየራቀ ሄደ። ገመድ ወረወሩለት። አጠገቡ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜ ቢቀዝፍ ይደርስበታል። አልቀዘፈም። እጁን ወደ እኔ አነሳ። ሲስቅ ጥርሱ ታየኝ።

«ሣህሊቱ! ታች እጠብቅሻለሁ!»

ወንዝ ዳር አለው። ራሱን ለውሃ የሰጠ ሰው አንዱ እጥፋት ላይ መውጣቱ አይቀርም። እሱ ያደገው በዚህ ነው፤ እኔንም ያዳነኝ በዚህ ነው። ስለዚህ አልጮኽሁም። ሙዘይን ግን ራሳቸውን ያዙ።

ሊደርስበት ያልቻለውን ታንኳ ሰብስበን፣ መልሕቅ ነቅለን፣ ሸራ ስንሰቅል ነፋሱ ዞረ። ስለሄደበት አቅጣጫ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። በማግስቱ አንድ ረዘም ያለ ደሴት አጠገብ ደረስን። ዳሩ ላይ የአንድ ሼክ መቃብር አለ፤ ጥላው ሥር ለተቸገረ መንገደኛ ዓሣ አጥማጆች ውሃ የሚሞሉበት ጋን ተቀምጧል። ሙዘይን ወርደው ክዳኑን አነሱ።

«ሙሉ ነው። ዱካም የለም። እዚህ አልወጣም።»

«በዚያኛው ወገን ቢሆንስ? እንዙር!»

«ልጄ፣ ባሕር የተፋው ሰው ሁሉ ወደዚህ ጋን ነው የሚመጣው። ውሃው ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

«ጋረደው ኸወጣበት አይነቃነቅም!»

«ጥም ያነቃንቀዋል» አሉ። አፋቸው ደርቆ ነበር። ነፋሱ በርትቶ መልሕቁ አልይዝ ብሏል፤ ሌሎች ደሴቶችም ይቀራሉ። እሮጣለሁ ብዬ ስዘል ያዙኝ፤ ተሸክመው መለሱኝ። ስሙን እየጠራሁ ሄድን። ነፋሱ ድምፄን ወደ እኔው መለሰው።

በቀሪዎቹም የለም። ውሃችን ሲያልቅ ሱዋኪን ገባን። እዚያ ወደብ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ሰነበትሁ። አንድ ቀን ሙዘይን መጥተው መሬት ላይ ከፊቴ ተቀመጡ፤ ያ ሁሉ ጀልባተኛ የሚታዘዝላቸው ሰው። መዳፌን ከፍተው የጋረደውን ማተብ አኖሩበት።

«የት?» አልኋቸው።

ማልቀስ ጀመሩ። «ጋኑ ያለበት ደሴት። በወዲያኛው ዳር። አጥማጆች አገኙት።»

ሸሚዙን በእንጨት ላይ እንደ ባንዲራ ሰቅሎ፣ ፊቱን ውሃው ወዳመጣው አቅጣጫ አዙሮ ተቀምጦ ነበር አሉ። ከጎኑ አንዲት ዛጎል በአሸዋ አሽቶ፣ አንጽቶ አስቀምጧል፤ ሙዘይን እሷንም ሰጡኝ። ከአሸዋው ክምር ባሻገር ያለውን ጋን ሄዶ አላየም። አጥማጆቹ ማተቡን አይተው በወጉ፣ ራሱን ችሎ፣ ከሼኩ መቃብር ፈንጠር አድርገው ቀብረውታል።

«ስለ ጋኑ ማንም አልነገረውም» አሉ ሙዘይን። «የማያውቅ ሰው አለ ብለን... ወላሂ አላሰብንም።»

ልጠላቸው ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። እሳቸው የባሕሩን ሕግ ነው የተከተሉት፤ እሱ የወንዙን። በሁለቱ መሃል አንድ የአሸዋ ክምር ነበር።

ገዳሪፍ ተመልሼ ከአክስቴ ጋር ለቅሶ ተቀመጥሁ። «ነይ፣ ኡም ጋርጉር ዘመድ አለን፤ ቦታ ለውጪ፤ ገና ልጅ ነሽ» አለችኝ። እሽ አላልኋትም። ወደ ወድ ኤል ሒለው ወረድሁ።

ይኸው እዚያው ነኝ። ስደተኛው አሁንም ይመጣል። ውሃ ወስዶት እጥፋቱ ላይ የሚወጣውን ሰው ክንዱን ይዤ እጎትታለሁ። ለሚሻገረውም ሁሉ፣ «ውሃ ወስዶ ሌላ ቦታ ቢያወጣችሁ አትቀመጡ። ተነሱና ሂዱ፤ ፈልጉን» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ይቆጡኛል። «ያባቶችን ሕግ ታፈርሳለች፤ ባሏን ባሕር ኸበላው ወዲህ ልቧ ልክ አይደለም» ይላሉ። ይበሉ።

አንዳንዱ ግን ይጠይቀኛል። «አንችስ እህቴ፣ ለምን ኸዚህ አትሄጅም?»

ማተቡንና ዛጎሏን አንገቴ ላይ እነካለሁ። ጋረደው ክንዴን ይዞ ያወጣኝ እዚህች እጥፋት ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ ሂዱ እላለሁ፤ እኔ ግን ከወጣሁበት አልተነቃነቅሁም።