ዜሮ የተጻፈባቸው ሌሊቶች

ጋሽ ተክለሚካኤል ማሽኑን ከሶኬቱ ነቅለው ገመዱን ክንዳቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ።

እምነት የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ መውጫውን ዘግታለች። ማሽኑ የትንሽ ሻንጣ ያህል ነው፤ የክፍሉን አየር እየሳበ አቧራውንና የሻጋታውን ብናኝ ያጣራል። ከመስከረም ጀምሮ ከወንድሟ ከክርስቲያን ራስጌ ሆኖ ሲያንጎራጉር ከርሟል። ክርስቲያን ሰባት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። ቀድሞ ሳል ሳይቀሰቅሰው ያደረበት ሌሊት አልነበረም። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ቢያንስ አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይወስደዋል።

«ለምንድን ነው የሚወስዱት?» አለች።

«ፕሮግራሙ ነው የሚወስደው፣ እኔ አይደለሁም» አሉ ጋሽ ተክለሚካኤል ቀና ሳይሉ። «በውሰት ነው የተሰጣችሁ። ወረቀታችሁ ላይ ችግር የለም ይላል። ችግር ላለበት ቤት ይሰጣል።»

«ማነው ችግር የለም ያለው?»

«ልጄ፣ እኔ የተባልኩትን ነው የምጽፈው። በይ አሳልፊኝ፣ መኪናዬን ሳላጠፋ ነው የመጣሁት።»

ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ፎርም ይዘው በመጡ ቁጥር መኪናቸው ፓርኪንጉ ውስጥ እያጓራ፣ እሳቸው ደፍ ላይ ቆመው፣ እስክሪብቷቸው ተከፍቶ።

አያቷ እማማ ፀሐይነሽ ከኩሽና ብቅ አሉ። እምነት እማማ ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እማማ ግን በፌስታል ብርቱካን ቋጥረው ኖሯል። «እንካ ተክሌ፣ ለልጆችህ። መቼም ቁጭ አትልልን» አሉና፣ የሰውየው እጅ ስለሞላ በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ብዙ ደክመህልናል።»

በሩ ሲዘጋ እምነት ፈነዳች። «እማማ! አር ዩ ኪዲንግ? ዕቃችንን ይዞ ሲወጣ ስንቅ ይሰጡታል?»

«ይዞ አትበይ። ይዘው በይ። አባትሽ ይሆናሉ።»

«ሌባ አንቱ አይባልም።»

«ኧረ በስመ አብ! ቀስ በይ፣ ግድግዳው ስስ ነው። ሰው ይሰማሻል።»

ፕሮግራሙ የላከው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ከእምነት በቀር ያነበበው የለም፤ እናቷ ኤርፖርት ድርብ ሺፍት ላይ ናት። እምነት ደግማ አነበበችው። ከስቴቱ በሚመጣ ገንዘብ የሚሠራው የልጆች አስም ፕሮግራም በሰፈራቸው በኢስት ኮልፋክስ ባሉ አማርኛ ተናጋሪ ቤቶች ጥናት አድርጓል። ባለፈው ወር ልጆች በሳል የተነሱበት ሌሊት ብዛት፦ ዜሮ። ስለዚህ ማሽኑም፣ ቤት ለቤት የምትመጣው ነርስም፣ የፍራሽ መሸፈኛውም ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይቅር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው የካውንቲው ኮሚቴ ሐሙስ አስተያየት ይሰማል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይወስናል።

ዜሮ!

እምነት ከክርስቲያን ጋር አንድ ክፍል ነው የምትተኛው። አሥራ አንድ ሌሊት እንደተነሳ ታውቃለች፤ ፈተና ሳምንት ስለነበር ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት ሁለት ጊዜ ተቀጥታበታለች። ጋሽ ተክለሚካኤል ያን ሁሉ ሌሊት በአንድ ክብ ደመሰሱት። በዚያች ደቂቃ የተመኘችላቸው ነገር ጸሎት ቤት የሚነገር አይደለም። ጉሮሯቸው ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ የጁስ መምጠጫ ቱቦ ያህል እንዲጠብባቸው ተመኘች። ከዚያ «እንዴት ነዎት?» ብላ ደፍ ላይ ቆማ ልትጠይቃቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት ክርስቲያን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ሲገባ አይናገርም። አንገቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እምነት ኢንሄለሩን አራት ጊዜ ነፋችለት፤ ቆይታ ደግማ ነፋችለት። የከንፈሩ ጠርዝ ሲጠቁር አምቡላንስ ጠራች። እማማ ፀሐይነሽ አንዱን ጫማ ሳያስሩ ተከትለው ገቡ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጭንብል አድርገውለት ጭስ መሳይ መድኃኒት ፊቱን ሲሸፍነው ሐኪሟ ወደ እማማ ዞረች። «ባለፈው ወር እንዴት ነበር? ሌሊት ያስለው ነበር?»

እምነት ጥያቄውን ለእማማ ተረጎመች።

እማማ ፀሐይነሽ ጭንብል ውስጥ የሚያቃስተውን ልጅ እያዩ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ደህና ነው። ምንም አይል።»

እምነት ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ምን አሉ?» አለች ሐኪሟ።

«አሥራ አንድ ሌሊት ተነስቷል» አለች እምነት በእንግሊዝኛ።

ልጁ ትንሽ ሲረጋጋ ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «እማማ፣ ለጋሽ ተክለሚካኤልም እንዲህ ነው ያሏቸው?»

«ታዲያ ምን ልበል? ደፍ ላይ የቆመ ሰው ልጁ እንዴት ነው ሲል ተመስገን ነው የሚባለው። ሰው ጠየቀኝ ብዬ በልጄ ላይ ላሟርት?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ የመንግሥት ወረቀት ነው። ቤታቸው ሻጋታ ነው፣ ልጁ አይተኛም ብለው ጽፈው ልጁን ቢወስዱብንስ? ወሬው አይሰማሽም አንቺ። እኔ እሰማለሁ። እኔ ነኝ ሳስብ የማድረው።»

እጃቸው ቦርሳውን እንደጨበጠ ነው። እምነት በዚያ እጅ ላይ መናደድ አቃታት። የሚገርመው ንዴቱ አልጠፋም፤ እጥፍ ሆኖ ወደ ጋሽ ተክለሚካኤል ተመለሰ። ፈረንጅ ቢሆኑ ይቅር በተባሉ። እሳቸው ግን ሐበሻ ናቸው፤ ፕሮግራሙም የቀጠራቸው ለዚሁ ነው። «ተመስገን» የሰላምታ እንጂ የጥያቄ መልስ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ የቀረበውን ቀምሶ፣ ከዚያ ደግሞ መጠየቅ እንዳለበት እያወቁ የመጀመሪያዋን ቃል ጽፈው ሄዱ።

ረቡዕ ለሊዲያ ነገረቻት። ሊዲያ ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ የሁለት ዓመት እህቷም እንደ ክርስቲያን ናት።

«የእኛ ይብሳል» አለች ሊዲያ። «እናቴ እኮ የፈረመችው ኮልፋክስ ላይ ሱቅ በር ነው። ሰውየው ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ፎርሙ ቀድሞ ተሞልቶ ነበር፤ እዚህ ጋ ፈርሚ አላት፣ ፈረመች።»

«ተሞልቶ?»

«ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አይ ስዌር።»

እምነት ፈገግ አለች። ሊዲያ ፈገግታውን አልወደደችውም።

«አለቀለት» አለች እምነት። «ነገ ስብሰባው ላይ እናገራለሁ። ይባረራል። ሌላ ሥራም የሚቀጥረው አያገኝም።»

«ስሚኝማ። ፎርሙ ፌክ ነው ካልሽ፣ ፕሮግራሙ በሙሉ ፌክ ነው ይላሉ ኮሚቴዎቹ። ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ሰውየው ይባረራል፣ ክርስቲያንም ማሽኑን አያገኝም። ኮንግራትስ።»

«ታዲያ ዝም ልበል?»

«አላልኩም። ግን በእጅሽ ሌላ ነገር ያዢ።»

ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ የሕንፃውን በሮች ማንኳኳት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቤቶች «ደህና ነን፣ ተመስገን» ብለው ሸኟቸው። አራተኛው ላይ እምነት ጫማዋን አውልቃ ገባችና ሳይጋብዟት ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሊዲያ በእፍረት ቀላች። የቤቱ ባለቤት ታክሲ የሚነዱት አቶ ለገሠ ናቸው። ጁስ ቀዱላቸው፣ ስለ ትምህርት ጠየቋቸው፣ ስለ በረዶው አወሩ። እምነት ሁለት ጊዜ «ልጁስ እንዴት ነው?» አለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመስገን ተባለች። ሦስተኛ ጊዜ ጥያቄውን ለወጠችው።

«ጋሽ ለገሠ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ልጁን ተደግፎ እንዲተኛ አቅፈውት አደሩ?»

አቶ ለገሠ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዞሩት። «አራት» አሉ። «ለእናቱ እንዳትነግሪ፤ ሁለቱን አታውቅም።»

ከዚያ ወደ ሦስቱ ቤቶች ተመለሱ፤ እየተቀመጡ ጠየቁ። ጨለማ ሳይወርድ ዘጠኝ ቤት ሞላ። ዜሮ ያለ አንድም አልነበረም። እምነት የጠጣችው ጁስ በሆዷ እየተንቦጫቦጨ ቁጥሮቹን በንጹህ ወረቀት ገለበጠች። ከሥራቸውም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ ስለ ሱቁ በር።

ሐሙስ ስብሰባው የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። መግቢያው ላይ መናገር የሚፈልግ ሰው ስሙን ይጽፋል። ከስሙ ቀጥሎ አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እምነት ቀና ስትል የአማርኛ አስተርጓሚ የሚል ካርድ ደረታቸው ላይ የለጠፉ ሰው ማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጋሽ ተክለሚካኤል ናቸው።

አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

«ምን ነካሽ?» አለች ሊዲያ በሹክሹክታ። «አፍሽን የፈታሽው በእንግሊዝኛ ነው!»

«ዛሬ ጠፋኝ።»

ስሟ ሲጠራ እማማ ፀሐይነሽ ከኋላ «ቀስ ብለሽ፣ ልጄ፤ ሰው እንዳታስቀይሚ» አሉ። ጋሽ ተክለሚካኤል ከጎኗ ቆሙ። እምነትን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ ከማይክሮፎኑ ራቅ ብለው።

«አማርኛ ልናገር፣ ጋሼ።»

ጀመረች። «ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር አሥራ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተነስቷል። ማክሰኞ በአምቡላንስ ሄዷል።»

ጋሽ ተክለሚካኤል ተረጎሙ። የኮሚቴው ሰዎች ጻፉ።

«ወረቀታችን ላይ ግን ዜሮ ተጽፏል።»

ተረጎሙ፤ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ።

«የጠየቁን ሰው ደፍ ላይ ቆመው ነበር። አያቴ ተመስገን አሉ። እኛ ዘንድ ተመስገን መልስ እንዳልሆነ ሰውየው ያውቃሉ። እያወቁ ጻፉት።»

ጋሽ ተክለሚካኤል ይህን አልተረጎሙም። እምነት ጠበቀች። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ወደ ታች ሳብ አድርጋ «ትርጉሙን እየጠበቅን ነው» አለች። የጋሽ ተክለሚካኤል ግንባር አብረቀረቀ። እምነት እንግሊዝኛውን ከእሳቸው ይልቅ እንደምታውቅ ያውቃሉ፤ አንዲት ቃል ሊያስቀሩ አይችሉም። እያንዳንዷን ቃል፣ እንደ እሾህ ከጉሮሯቸው እየነቀሉ፣ በገዛ አፋቸው አወጧት። አዳራሹ ሰማ። ከተቀመጡት ሐበሾች ግማሹ ሁለት ጊዜ ሰማ።

ጣፋጭ ነበር። እምነት ካሰበችውም በላይ ጣፋጭ ነበር።

የዘጠኙን ቤቶች ቁጥር አንድ በአንድ አነበበች፤ ተረጎሙ። የመናገሪያ ጊዜዋ እያለቀ መሆኑን የሚያሳየው ቢጫ መብራት በራ። የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጋሽ ተክለሚካኤል ወረቀቷን አሻግረው አይተውታል። የሱቁን በር አይተዋል። ፊታቸው ሽሮ መሰለ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ልመና ይሁን ትርጉም አልለየችውም።

እምነት ጠረጴዛውን አየች። ዳር ላይ የተቀመጠው፣ ከመጀመሪያው ሲያዛጋ የነበረው ሰውዬ አሁን ማዛጋቱን ትቶ ቁጥሮቹን እየጻፈ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ እስክሪብቶውን እንደሚያስቀምጥ ታያት። እፎይ ብሎ እንደሚያስቀምጠው።

«እና...» አለች። ምላሷ ላይ ነበር።

«እና እኚህ አስተርጓሚ ሰኞ ወደ ቤታችን ይመጣሉ። ገብተው ይቀመጣሉ። ከእኛ ቤት ወደ ዘጠኙም ይሄዳሉ። ወረቀቱን እንደ አዲስ ጽፈው፣ ውሳኔያችሁ ሳይሰጥ በፊት፣ እዚህ ያመጡላችኋል።» ወደ እሳቸው ዞረች። «ይተርጉሙት፣ ጋሼ።»

ጋሽ ተክለሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ ይመጣል» ብለው መተርጎም ይችሉ ነበር። «እኔ እሄዳለሁ» አሉ በእንግሊዝኛ። «ሰኞ። እኔ ራሴ።»

ሰብሳቢዋ ጻፈችው። እምነት ሰብሳቢዋ ጽፋ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀች፤ ቀኑን በትክክል መጻፏን አንገቷን አስግጋ አየች። ከዚያ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችበት።

ጋሽ ተክለሚካኤል ዚፑ ሲዘጋ አይተዋል። እንዲያዩት ነው ቀስ ብላ የዘጋችው። ሰኞ ካልመጡ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትወጣለች።