ቁጥሩን ብቻ

በኢልቫ የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ተበላሸ። በእነዚያ ዓመታት የነበረው እያንዳንዱ ጸደይ አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ተመዝግቧል። ይህ የታወቀው ደግሞ ጽሑፉ ታትሞ፣ እንደ አገሩ ወግ በዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ በሚስማር ከተመታ በኋላ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። የማልቴ ነው። ማልቴ ራሱም አልካደም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ እስክሪብቶ ነው።

ኢልቫ የምታጠናው የሐይቅ በረዶ ነው፤ መቼ እንደሚጋገር፣ መቼ እንደሚሰበር፣ ለምን። የቅርቡን ዘመን ከመሣሪያ፣ የሁለት መቶ ስልሳ ዓመቱን ከአሣ አጥማጆች መዝገብ አገኘችው። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚነግራት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሐይቁ ዳር የኖረ ላውሬንቲየስ የሚባል ቄስ። ሰውየው በየጸደዩ በረዶው ሲሰበር «ዛሬ ሐይቁ ተከፈተ» እያለ ቀኑን በማስታወሻው ላይ ያሰፍር ነበር። ችግሩ፣ ከሞተ ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት ሆኖታል፤ የእጅ ጽሑፉም ጉንዳን ቀለም ውስጥ ገብቶ የተራመደበት ይመስላል።

ወደ ቤተ መዛግብቱ የንባብ ክፍል ስትገባ በሩን እንደ ልማዷ ከኋላዋ ለቀቀችው። ጓ ብሎ ተዘጋ። የተቀመጠው ሁሉ ቀና አለ። ወንበር ስባ እስክሪብቶዋን ስታወጣ፣ ከጎኗ የነበረ ሹራብ የለበሰ ወጣት እጁን ዘርግቶ ከጣቶቿ መሃል መዘዘው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ነፍስሽን እያዳንኩ» አለ በሹክሹክታ። «እዚህ ቤት ከእርሳስ በቀር አይፈቀድም፤ እስክሪብቶ ያወጣ ሰው በሕይወት አይወጣም። ሴትዮዋን አየሻት?»

ተቆጣጣሪዋ ከጠረጴዛዋ ኋላ ከመነጽሯ በላይ እያየቻቸው ነበር። ወጣቱ አንድ እርሳስ ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ሰበረና ግማሹን ሰጣት።

«በሩን ደግሞ እጀታውን ተጫኚው፣ ግጠሚው፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ልቀቂው። ዶክትሬት አይጠይቅም።»

ማልቴ ይባላል። ታሪክ ነው የሚያጠናው፤ የእርሱም የዶክትሬት ሥራ በእነዚሁ የገጠር ቄሶች ማስታወሻ ላይ ነው። ላውሬንቲየስን እንደ አጎቱ ያውቀዋል።

«እኔ የምፈልገው ሐይቁ የተከፈተበትን ቀን ነው» አለችው። «ቁጥሩን ብቻ።»

«ይሄ ሰውዬ ቁጥሩን ብቻ አይሰጥም። መጀመሪያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል፣ ከዚያ ጎረቤቱን ያማል፣ ከዚያ ነው ወደ ሐይቁ የሚወርደው።»

«እኔ ጊዜ የለኝም።»

«እርሱ አለው» አለ ማልቴ፣ ገጹን እየገለጠ።

በየማክሰኞው ተገናኙ። ማልቴ እያነበበ በደብተሩ ይገለብጣል፤ ኢልቫ ከደብተሩ ወደ ኮምፒዩተሯ። እርሱ አንድ ዓመት ለማንበብ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ እርሷ ለመጻፍ አሥር ሰከንድ። በቀረው ጊዜ እግሯን ታወዛውዛለች፣ ሰዓት ታያለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰዓቱን ትታ እርሱን ማየት ጀመረች። ከባድ ቃል ሲገጥመው ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ይህን ከእርሷ በቀር ያስተዋለ ሰው ያለ አልመሰላትም።

በጃንዋሪ ሐይቁ ላይ ይዛው ወጣች። ሁለት ሹል ብረት የታሰረበት ገመድ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት።

«ምንድነው?»

«ውሃ ውስጥ ከገባህ በረዶውን ወግተህ የምትወጣበት።»

«እገባለሁ እንዴ?»

«ውፍረቱ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። መኪና ይችላል።»

«መኪና አይፈራም። እኔ እፈራለሁ።»

ያን ጊዜ በረዶው ከሥራቸው ረዥም፣ ጎርናና ድምፅ አወጣ። በረዶ ሲሰፋ እንዲህ ያደርጋል፤ አደጋ የለውም። ማልቴ ግን እጅጌዋን ጨምድዶ ያዘ። ድምፁ አልፎ ሄደ፤ እጁ ግን አልሄደም። ኢልቫ እጁን አየችው። እርሱም አየው። እስከ መኪናው ድረስ አብራው ተራመደች፣ እጅጌዋ እንደተያዘ።

ከዚያ የማልቴ የጥርስ ብሩሽ እርሷ ቤት ገባ። ቀጥሎ መጻሕፍቱና ደብተሮቹ፤ በመጨረሻ ራሱ ማልቴ።

ጽሑፏ እያደገ ሄደ። ከ1753 ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሐይቁ በድንገት ቀድሞ መከፈት ጀምሯል፤ ከዚያ የአሣ አጥማጆቹ መዝገብ ሲጀምር ደግሞ በድንገት ወደ ቀድሞው ተመልሷል። አሥራ ሁለት ሞቃት ጸደዮች! ከዚህ በፊት ማንም አላያቸውም። ምዕራፍ አራት ስለ እነርሱ ብቻ ሆነ። አማካሪዋ ጉንሂልድ ምዕራፉን አንብባ «ኢልቫ፣ ይቺ ምዕራፍ ሥራ ታስገባሻለች» አለቻት። ጉንሂልድ በሃያ ዓመት ውስጥ ያመሰገነችው ሰው በጣት ይቆጠራል።

ጽሑፏን በአደባባይ የምትሟገትበት ዲፌንስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወጉ እንደሚያዘው ጽሑፉን ግድግዳ ላይ መቱት። ሚስማሩን የያዘው ማልቴ፣ መዶሻውን የያዘችው ኢልቫ ነበረች።

«ጣቴን እንዳትነኪ፤ የራሴን ገና አልጻፍኩም።»

«ዝም ብለህ ያዝ!»

በሦስት ምት ገባ። ሰው አጨበጨበ።

በስድስተኛው ቀን ማልቴ ቢሮዋ መጣ። አልተቀመጠም።

«ላውሬንቲየስ ጉድ ሠርቶናል» አለ። «መንግሥት በ1753 የቀን አቆጣጠሩን ሲቀይር፣ ከፌብሩዋሪ አሥራ ሰባት ማግስት ማርች አንድ ነው ተባለ። አሥራ አንድ ቀን ተዘለለ። ሰውየው ግን እልኸኛ ነው፤ በማስታወሻው ላይ እስኪሞት ድረስ በአሮጌው ቆጠረ። የደወል ደዋዩን ቀብር ተመልከቺ። በማስታወሻው ኤፕሪል ሃያ ስምንት ይላል፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ሜይ ዘጠኝ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም።»

ኢልቫ ስሌቱን ለመጨረስ ሁለት ሰከንድ አልፈጀባትም። ሐይቁ በጊዜው ነበር የሚከፈተው። ሞቃት ጸደይ የሚባል ነገር አልነበረም።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሚስማሩን የመታን ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ።»

«ዛሬ ስድስተኛ ቀን ነው።»

«አሥራ ሁለቱንም ዓመት አንድ በአንድ ሳላጣራ ግማሽ ወሬ ይዤልሽ መምጣት አልፈለግሁም።»

«ስድስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ እራት በላህ! ስለ ምዕራፍ አራት ሳወራልህ ድንች እየላጥህ ‹እህ› ትለኝ ነበር!»

«አዎ።»

«አሥራ አንዱን ቀን ይቅር ልልህ እችላለሁ፣ ማልቴ። ስድስቱን ግን አልችልም።»

የተስተካከሉትን ቀኖች የያዘ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ማታ ቤት ስትገባ የጥርስ ብሩሹ አልነበረም። መጻሕፍቱና ደብተሮቹ እንዳሉ ናቸው።

ጉንሂልድ ሰምታ መነጽሯን አወለቀች። «ሰማይ አልተደፋብሽም። የእርማት ወረቀት አሳትመሽ በየመጽሐፉ አስገቢ፤ ቆመሽም አስረጂ። ግን አልዋሽሽም፤ ምዕራፉ ሞቷል። ኮሚቴው ሊጥልሽ ይችላል።»

ኢልቫ የእርማት ወረቀቱን በንዴት ጻፈችው። «በምዕራፍ አራት ያሉት ቀኖች የተሳሳቱት የታሪክ ምንጩን ባነበበው ሰው ጥፋት ነው።» መቶ ሃምሳ ቅጂ ውስጥ በገዛ እጇ አስገባችው። አንዱን ለማልቴ ላከችለት።

በዲፌንሱ ዋዜማ ጠዋት አንዱን የቀን ቁጥር ልታረጋግጥ የማልቴን ደብተር ከመደርደሪያው አወረደች። ቁጥሮቹን ከገለበጠች ወዲህ ገልጣው አታውቅም። 1753 ላይ ስትደርስ ቆመች። ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ የተጻፈ የጥያቄ ምልክት አለ፤ ከሥሩም በደቃቅ ፊደል «አሮጌው አቆጣጠር ይሆን? ይጣራ» ይላል።

ምልክቱን ታውቀዋለች። ያኔ ከቁጥሩ ጋር ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጣው ነበር። የሰንጠረዡ ሣጥን ቀላ፤ ከቁጥር በቀር አልቀበልም አለ። ሰረዘችው፤ አለፈች። ማልቴ ደግሞ ያን ዕለት «እዚህ ጋ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሏት ነበር። ምን እንዳለችው ማስታወስ አላስቸገራትም። «ቁጥሩን ብቻ» ነበር ያለችው።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስትጮኽበት ማልቴ ይህን ደብተር ገልጦ ሊያሳያት ይችል ነበር። የእርማት ወረቀቱ ሲደርሰውም ይችል ነበር። ስልኳን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። በመቶ ሃምሳ መጽሐፍ የሰደበችውን ሰው በስልክ ይቅርታ መጠየቅ ርካሽ ሆነባት።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል። ማልቴ የለም። ሊሞግታት ከሄልሲንኪ የመጣው ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨዋ በሆነ አንደበት ሲያደቃት ቆየና የእርማት ወረቀቱን ወደ ላይ አነሳ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ነገር ለታሪክ ሰው እንዴት ያመልጠዋል?»

«አላመለጠውም» አለች ኢልቫ። «ወረቀቱ ራሱ እርማት ያስፈልገዋል።»

ሰው ሳቀ። ጉንሂልድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቀኑን ሲገለብጥ ተጠራጥሮ ምልክት አድርጎ ነበር። ኮምፒዩተሩ አልቀበልም ሲለኝ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሊያሳየኝም ሞክሮ ነበር፤ ቸኮልኩ።» የተስተካከሉትን ቀኖች የሚያሳየውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራችው። የሞቃት ጸደዮቹ እብጠት ጠፍቶ መስመሩ ለጥ ብሎ ይሄዳል። «ይህ ሐይቅ በዚያ ዘመን ምን ያህል የተረጋጋ እንደነበር አሁን በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን። ቀኖቹን አንድ በአንድ ያጣራው ማልቴ ነው። ስድስት ቀን ፈጅቶበታል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተናግራ ሥዕሉን አጠፋችው።

ኮሚቴው ሊመካከር ገባ። እንግዶቹ በኬኩ ዙሪያ ቆመው ይጠብቃሉ። ኢልቫ ኮቷንና የማልቴን ደብተር አነሳች።

«ወዴት?» አለች ጉንሂልድ። «ሲወጡ የለችም ልበላቸው?»

«በረዶ ልትለካ ሄዳለች በያቸው።»

«በሜይ?!»

ቤተ መዛግብቱ ከአዳራሹ አምስት ደቂቃ ነው፤ ኢልቫ በሁለት ደረሰች። በሩ ከኋላዋ ጓ አለ። ሁሉም ቀና አለ፤ ማልቴም።

«አለፍሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«አላውቅም። እየተመካከሩ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አብደሻል?»

ደብተሩን ከፊቱ ዘርግታ ጣቷን ምልክቱ ላይ አኖረች። «ለምን አላሳየኸኝም?»

ማልቴ ጣቷን ተከትሎ ገጹን አየው። «ምልክት አድርጌ ዝም አልኩ። መጮኽ ነበረብኝ። አንቺ ስትቸኩዪ ማየት ደስ ይለኛል፤ ላቋርጥሽ አልፈለግሁም። እርሱም ጥፋት ነው።»

«በሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው ብያለሁ።»

«ሁሉንም ወሰድሽው? ስስታም።»

«ግማሹን ልስጥህ?»

«እሽሽ!» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ኢልቫ ከኮቷ ኪስ እርሳስ አወጣች። ያቺው ግማሽ ናት፤ ተቀርጻ ተቀርጻ አውራ ጣት አክላለች። ከማልቴ የጥያቄ ምልክት ሥር «ወደ ቤት ትመለሳለህ?» ብላ ጻፈች። ደብተሩን ወደ እርሱ ገፋችው።

ማልቴ ሁሉን ነገር በሚያነብበት መንገድ አነበበው፤ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ሦስት ቃል ናት። ኢልቫ ሰዓት አላየችም፤ እግሯንም አላወዛወዘችም። ጠበቀች።

በመጨረሻ ደብተሩን አጠፈው። መዝገቦቹን ለተቆጣጣሪዋ መለሰ፤ ሹራቡን ከወንበሩ አነሳ፤ እጅጌዋን ያዘ።

«ኮሚቴውስ?»

«ይጠብቅ» አለች።

እርሱን አስቀድማ ወጣች። ከዚያ ዞረች፤ እጀታውን ተጫነችው፣ በሩን ገጠመችው፣ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ውስጥ ካሉት አንድም ሰው ቀና አላለም።